ልጣጩ ቆሻሻ የሚሆነው ስንዘገይ ነው

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ ጥሩ። መጀመሪያ ይሄን መድረክ ያዘጋጃችሁትን ከልብ አመሰግናለሁ፣ ተማሪዎችም፣ የፋብሪካ ሰዎችም፣ እንዲሁ ጉዳዩ ገርሟችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጣጭ ነው። ስለ ብርቱካን ልጣጭ፣ ስለ ድንች ልጣጭ፣ ጭማቂው ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው የአፕል ጭምቅ፣ ስለ ካሮት ጫፍ። እዚህ ሁሉ ውስጥ ስላለው ካርቦሃይድሬት ነው የማወራው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ልጣጩ ውስጥ ምን አለ? ሁለተኛ እንዴት ነው የሚወጣው? ሦስተኛ የቱ ጋ ነው የምናበላሸው? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ካለ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነውና ታገሱኝ።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስራ የጀመርኩት ጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ሺፍት። ስራዬ መኪና መመዝገብ ነበር፣ ፍሬ ጭኖ የሚገባውንም ልጣጭ ጭኖ የሚወጣውንም። እና በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁና ደነገጥኩ። ከገባው የብርቱካን ክብደት ግማሽ የሚጠጋው በኋላ በር ተመልሶ ይወጣል። ግማሹ! እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ደመርኩት፣ ያው ነው። ጠዋት አለቃዬን ጠየቅኩት፣ "ምን አዲስ ነገር አለው፣ ብርቱካን እንደዛ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብርቱካን እንደዛ ነው፣ ልጣጩና ውስጡ ያለው ነጭ ሽፋንና ዘሩ ሲደመር የብርቱካኑ ግማሽ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ገበሬው ውሃ ያጠጣው፣ ማዳበሪያ ያፈሰሰበት፣ መኪናው ነዳጅ ያቃጠለለት ለሙሉው ብርቱካን ነው እኮ! ለግማሹ አይደለም። ታዲያ ግማሹን ለምንድነው ገንዘብ ከፍለን የምናስጥለው?

ያ ጥያቄ ከዛን ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

እሺ፣ አንደኛ። ውስጡ ምን አለ?

ካርቦሃይድሬት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዳቦና ስኳር ነው። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር ዶቃ ነው የምጠቀመው። አንዷን ስኳር እንደ አንዲት ዶቃ ውሰዷት። ዶቃውን በክር ትሰካላችሁ፣ ረጅም ይሆናል። ግሉኮስ የምትባለዋን ዶቃ በአንድ አይነት አሰካክ ስትሰኳት ስታርች ትሆናለች፣ ድንች ውስጥ ያለችው፣ ሆዳችን በቀላሉ የሚፈታት። ያችኑ ግሉኮስ፣ ያችኑ ራሷን፣ አሰካኳን ገልበጥ አድርጋችሁ ብትሰኩ ደግሞ ሴሉሎስ ትሆናለች፣ እንጨትና ጥጥ የሚሰራባት፣ የኛ ሆድ ጨርሶ የማይፈታት። ዶቃው አንድ ነው፣ የተለየው አሰካኩ ብቻ ነው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ስማር ሌሊቱን ሙሉ አስቤው አደርኩ።

ሦስተኛ አይነት ክር አለ፣ እሱ ነው የኔ ፍቅር፣ ፔክቲን። የፔክቲን ዶቃ በብዛት ጋላክቱሮኒክ አሲድ የሚባል ነው። ስራው በተክሉ ሴሎች መሀል ሆኖ እንደ ሙጫ ማያያዝ ነው። ፍሬ ሲበስል ለምን ይለሰልሳል? ሙጫው ስለሚፈታ ነው። ስሙን የሰጠው ብራኮኖ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፣ በ1825፣ ቃሉ ከግሪክ ነው የመጣው፣ "የሚረጋ" እንደማለት ነው። ማርማላታ የሚረጋው በሱ ነው። ከዛ ደግሞ ኢኑሊንና ዘመዶቹ አሉ፣ ዶቃቸው ፍሩክቶስ ነው፣ ሽንኩርትና አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ውስጥ ይገኛሉ፣ እኛ አንፈጫቸውም ግን ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ይወዷቸዋል።

አሁን የቱ የት እንዳለ እዩ። የብርቱካንና የሎሚ ዘሮች ልጣጭ ሲደርቅ ከክብደቱ ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ያህሉ ፔክቲን ነው። የአፕል ጭምቅ ሲደርቅ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት። አንድ ቶን እርጥብ የብርቱካን ልጣጭ ብትወስዱ፣ 80 ፐርሰንቱ ውሃ ነው እንበል፣ 200 ኪሎ ደረቅ ይቀራል፣ እሱ ውስጥ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ፔክቲን አለ ማለት ነው። ሁሉም ተጠርጎ አይወጣም፣ ግን አለ። የድንች ልጣጭ ውስጥ ስታርች አለ፣ ያልበሰለ ሙዝ ልጣጭ ውስጥም አለ፣ ሙዙ ሲበስል ወደ ስኳር ይቀየራል። ካሮት ሴሉሎስና ፔክቲን ነው። ስለዚህ "ተረፈ ምርት" ብለን አንድ ስም ሰጥተን አንድ ጉድጓድ የምንከተው ነገር አንድ ነገር አይደለም። በፍጹም አንድ ነገር አይደለም!

ወደ ሁለተኛው። እንዴት ይወጣል?

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከስታርች። ድንች ሲቆረጥ ሴሎቹ ይቀደዱና ስታርቹ እጠባው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ወተት ይመስላል። ያንን ውሃ ብዙ ቦታ ወደ ቱቦ ይለቁታል። ቤት ሄዳችሁ ሞክሩት፣ አንድ ድንች ፈቅፍቁና ውሃ ውስጥ እሹት፣ በጨርቅ አጥልሉና ውሃውን ሳትነኩ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ስሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ታገኛላችሁ፣ በጣታችሁ ብትነኩት ጠጠር ያለ፣ እየተጫናችሁት ሲጢጥ የሚል። እሱ ንጹህ ስታርች ነው በቃ። የድንች ስታርች ቅንጣት ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር ትልቅ ነው፣ ከውሃም አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ለዛ ነው ቶሎ የሚዘቅጠው። ፋብሪካ ውስጥ ሀይድሮሳይክሎን የሚባል ውሃውን አሽከርክሮ ከባዱን የሚለይ ሾጣጣ ነገር ይጠቀማሉ፣ የሚሽከረከር ሞተር የለውም፣ ፓምፑ ብቻ ነው የሚሰራው። ውሃው ራሱ ተመልሶ ለእጠባ ይውላል። ስለዚህ አነስተኛ ቦታ ላይ ልጀምር የሚል ሰው ካለ ከፔክቲን ሳይሆን ከዚህ ይጀምር፣ ኬሚካል የለውም፣ አልኮል የለውም፣ ቢበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው።

ፔክቲን ግን ሌላ ነው። ፔክቲን ትዕግስት ይፈልጋል፣ ከትዕግስትም በላይ ፍጥነት ይፈልጋል። ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው።

ፋብሪካውን ትቼ ላብራቶሪ ገብቼ ነበር፣ የመጀመሪያ ስራዬ ከብርቱካን ልጣጭ ፔክቲን ማውጣት ነበር። አርብ ከሰዓት ልጣጩ መጣልኝ፣ ሦስት ትላልቅ ከረጢት። ደክሞኝ ነበርና ሰኞ እሰራዋለሁ ብዬ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ሰኞ መጣሁ፣ አሲዱን አዘጋጀሁ፣ አፈላሁ፣ አጣራሁ፣ በአልኮል አወጣሁት፣ ሁሉንም እንደ መጽሐፉ። ዱቄትም አገኘሁ። ግን ያን ዱቄት ይዤ ማርማላታ ስሰራ አልረጋም አለ። ስኳር ጨመርኩ፣ አልረጋም። አሲድ ጨመርኩ፣ አልረጋም። እንደ ሽሮፕ ከማንኪያው ላይ ይወርዳል። ሦስት ቀን እንደዛ ሆንኩ።

እዛ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሰሩ ቴክኒሻን ነበሩ፣ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳይሉ ያዩኝ ነበር። በአራተኛው ቀን መጡና "ልጄ፣ ልጣጩ መቼ ነው የመጣልህ?" አሉኝ። "አርብ፣ እትዬ።" "የሰራኸውስ?" "ሰኞ።" ዝም ብለው አዩኝና "እና ማን ጠበቀልህ?" አሉኝ። ማን ጠበቀልህ! ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ አሉኝ፣ ፍሬው ከተጨመቀባት ደቂቃ ጀምሮ እኮ መፍረስ ጀምሯል።

እና እውነታቸውን ነበር። ልጣጩ ራሱ ውስጥ ኢንዛይሞች አሉ፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ማለት ነው። ፍሬው ሙሉ እያለ ተለይተው ይቀመጣሉ፣ መጭመቂያው ሴሉን ሲያፈርሰው ግን ከፔክቲኑ ጋር ይገናኛሉ። አንደኛው ፔክቲኑ ላይ ያሉትን ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ይነቅላል፣ ሻጋታ ከመጣበት ደግሞ የሻጋታው ኢንዛይም ክሩን ራሱን ይቆራርጠዋል። ረጅም የነበረው ዶቃ ቁርጥራጭ ሆነ ማለት ነው፣ ቁርጥራጭ ደግሞ አያረጋም። እኔ አርብ ከረጢቱን ጥግ ላይ ያስቀመጥኩ ጊዜ ፔክቲኔን ቀድሜ ገድየዋለሁ፣ ሰኞ ያደረግኩት ሬሳውን ማጠብ ነበር።

መፍትሄው ምንድነው? ልጣጩ እንደወጣ በሰዓታት ውስጥ በእንፋሎት ወይ በሙቅ ውሃ ይመታል፣ ኢንዛይሙ ይሞታል። ከዛ ስኳሩ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል። በደንብ ከደረቀ፣ ውሃው 10 ፐርሰንት አካባቢ ከወረደ፣ ወራት ይቀመጣል፣ ፔክቲን ወደሚሰራበት ፋብሪካ ሩቅ አገርም ቢሆን ይሄዳል።

ከዛ በኋላ ያለው አሰራር በአጭሩ እንዲህ ነው፣ የደረቀው ልጣጭ ፒኤቹ፣ የአሲድነቱ ልክ ማለት ነው፣ ወደ 2 በተጠጋ አሲዳማ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፣ ሙቀቱ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ቢሆን፣ አንድ ሰዓት ወይ ከዛ በላይ። ፔክቲኑ ወደ ውሃው ይሄዳል። ይጣራል፣ ማጣራቱ ከባድ ነው ምክንያቱም ፈሳሹ ዝልግልግ ነው። ከዛ አልኮል ሲጨመርበት፣ ይሄን በዓይናችሁ ብታዩት ደስ ይላችኋል፣ ጥርት ያለው ፈሳሽ ውስጥ በድንገት ደመና የመሰለ ነገር ይነሳል፣ ክር ክር እየሆነ ይንሳፈፋል። ያ ነው ፔክቲን። ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። አልኮሉ ተመልሶ ተጣርቶ ይሰራበታል፣ ካልተመለሰ ግን ስራው አያዋጣም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ።

የሚወጣው ፔክቲን ሁለት አይነት ነው። ሜቲሉ ብዙ የሆነው የሚረጋው ስኳሩ ከ55 ፐርሰንት በላይ ሲሆንና አሲድ ሲኖር ነው፣ የተለመደው ማርማላታ ማለት ነው። ሜቲሉ ያነሰው ደግሞ ስኳር አይፈልግም፣ ካልሲየም ካገኘ ይረጋል፣ ስለዚህ ስኳር ለተቀነሰበት ምግብ ይሆናል። የምግብ ማሸጊያ ላይ ኢ440 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ኢ የሚል ቁጥር ሲያይ ይፈራል፣ እዚህ ጋ ግን የብርቱካንና የአፕል ክር ነው ያለው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔ ዋና ሀሳብ እዚህ ጋ ነው። ተፈጥሮ ያን ረጅም ክር የሰራችው በወራት ፀሐይ ነው። ክሩን ሳይበጠስ ማውጣት እየተቻለ ለምን ቀጥታ ሰባብረን ስኳር፣ ወይ ቀጥታ አቃጥለን ጭስ እናደርገዋለን? መጀመሪያ ረጅሙን ክር አውጡ፣ ፔክቲኑን፣ ስታርቹን። ቀጥሎ አጫጭሩን። የቀረውን ሴሉሎስ ለምግብ ፋይበር ወይ ለወረቀት፣ ካልሆነ በኢንዛይም ወደ ግሉኮስ። ከዛ የተረፈው ለመኖ፣ ለባዮጋዝ፣ ለኮምፖስት። ከታች ብትጀምሩ ወደ ላይ መመለስ አይቻልም፣ ፔክቲን ባዮጋዝ ይሆናል፣ ባዮጋዝ ግን ፔክቲን አይሆንም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ብዙ የብርቱካን ፋብሪካ ልጣጩ ላይ ኖራ ይጨምራል። ለምን? ፔክቲኑ ውሃውን ጨብጦ ስለሚይዝ ሲጨመቅ ውሃው አይወጣም፣ ኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ፔክቲኑን ይይዘውና ውሃው ይለቃል። በጣም ብልህ ዘዴ ነው፣ ከዛ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ከሚወጣው ፈሳሽም ሞላሰስ ይሰራል። ግን ኖራ የገባበት ልጣጭ ለጥሩ ፔክቲን አይሆንም፣ በቃ ያ በር ተዘጋ። ስለዚህ ውሳኔው ከኖራው በፊት መሆን አለበት። መኖ ነው የምንፈልገው ወይስ ፔክቲን? መኖ ብትሉ አላዝንም፣ ሳትወስኑ መኖ ከሆነ ግን አዝናለሁ።

ሴሉሎስን የሚሰባብረው ኢንዛይም ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ይሄ ከርዕሳችን ትንሽ ወጣ ይላል ግን ልንገራችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰለሞን ደሴቶች ላይ የነበረው የአሜሪካ ጦር ድንኳኑና የሸራ ዕቃው እየበሰበሰ አስቸገረው። ሳይንቲስቶች ምን እየበላው ነው ብለው ሲፈልጉ ፈንገስ አገኙ፣ ኋላ ላይ ኤልዊን ሪስ በሚባል ተመራማሪ ስም ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ። እንዴት እናጥፋው ተብሎ የተጀመረ ስራ ነው፣ ዛሬ ግን ያ ፈንገስ በትላልቅ ታንክ እየተራባ የሚያመነጨው ኢንዛይም የተክል ተረፈ ምርትን ወደ ስኳር ይቀይራል። ድንኳን የበላው ፈንገስ! ጠላት ተብሎ የተፈለገው!

ስኳሩ ከወጣ በኋላ በእርሾ አልኮል ይሆናል ሌላም ነገር ይሆናል፣ የብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ግን ዘይቱን፣ ሊሞኔን የሚባለውን፣ ቀድማችሁ ካላወጣችሁ እርሾውን ያዳክመዋል። ብርቱካን ራሱን ከጀርም የሚከላከልበት ነው፣ እርሾም ለሱ ጀርም ነው።

እሺ ሦስተኛ፣ የቱ ጋ ነው የምናበላሸው?

አንዱን ነግሬያችኋለሁ፣ መዘግየት ነው። ሁለተኛው መደባለቅ። የሽንኩርቱ፣ የቲማቲሙ፣ የብርቱካኑ፣ የወለል ጥራጊው፣ ላስቲኩ፣ ሁሉም አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ከዛ በኋላ የዓለም ምርጥ ሳይንቲስት ብታመጡ ምን ያደርግላችኋል? ምንም! መለየት መጨረሻ ላይ አይቻልም፣ መለየት የሚቻለው መጀመሪያ ላይ፣ ከማሽኑ ስር ነው። አንድ ተጨማሪ መውረጃ፣ አንድ ተጨማሪ ጋሪ፣ ይሄው ነው።

ሦስተኛው ውሃን መርሳት ነው። ወገኖቼ፣ ልጣጭ ማለት ውሃ ነው። ቅድም ያልናትን አንድ ቶን ልጣጭ ከ80 ፐርሰንት ውሃ ወደ 10 ፐርሰንት ለማድረቅ 778 ኪሎ ውሃ ማትነን አለባችሁ። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ 2,257 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል፣ ስታባዙት ወደ 490 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከማድረቂያው የሚባክነውን ሙቀት ሳንቆጥር። ስለዚህ በጉልበት መጭመቅ የምትችሉትን በእሳት አታድርቁ። መጀመሪያ ጭመቁ፣ ፀሐይ ካለ ፀሐይን ተጠቀሙ፣ ከቦይለር የሚወጣውን ትኩስ አየር ተጠቀሙ። ብዙ ቆንጆ ፕሮጀክት የሞተው ወረቀት ላይ ውሃውን ማንም ስላላሰላው ነው።

አራተኛውን በጥንቃቄ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም የሰው ጤና ነው። ጠቃሚ የሚባለው መጀመሪያ የማይጎዳ ሲሆን ነው። ፀረ ተባይ ሲረጭ የሚያርፈው ልጣጩ ላይ ነው። የበሰበሰ አፕል ላይ የሚወጣው ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ይሰራል፣ በአፕል ጭማቂ ውስጥ እንኳን በኪሎ ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነበት ነው። አረንጓዴ የሆነ ድንች ልጣጩ ውስጥ ሶላኒን የሚባል መርዝ ይበዛበታል፣ ሶላኒን ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ "የልጣጭ ዱቄት ሰራሁ፣ ፋይበር ነው፣ ጤና ነው" ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ "ፍሬው ከየት መጣ? ተመርምሯል?" መሆን አለበት። ፋይበር ጥሩ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል፣ ፔክቲንም በቀን 6 ግራም ሲወሰድ የደም ኮሌስትሮል ከመደበኛው እንዳይጨምር እንደሚያግዝ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለስልጣን የተቀበለው ነገር ነው። ግን ፋይበሩ መርዝ ተሸክሞ እንዲመጣ አንፈልግም። እባካችሁ፣ እዚህ ጋ አንቸኩል።

የመጣሉ ነገርስ? ያ የጀመርኩበት ፋብሪካ ከኋላው ወንዝ ነበር። ልጣጩ የሚከመርበት ቦታ ሲዘንብ ቡናማ ፈሳሽ ወደ ወንዙ ይወርዳል። መርዝ አልነበረበትም፣ ስኳር ነው። ግን ስኳሩን ባክቴሪያ ሲበላው ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ አንድ ጠዋት ዓሳዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ዳር ላይ ተኝተው አየሁ። ሰው በስኳር ዓሳ ይገድላል ብሎ ማን ያስባል? ከክምሩ ውስጥ ደግሞ አየር ስለማይገባ ሚቴን ይወጣል፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ። ማርማላታ የሚያረጋው፣ አንጀት የሚጠብቀው፣ ያ ሁሉ ክር፣ እዛ ወንዝ ዳር።

የፋብሪካ ሰዎች፣ እናንተን የምለምናችሁ ማሽን እንድትገዙ አይደለም። ለአንድ ወር ብቻ መዝኑ። የቱ ልጣጭ፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ሰዓት ወጣ፣ በስንት ሰዓት ተነሳ። ይሄን አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ፣ ከዛ ፔክቲን ይሁን ስታርች ይሁን መኖ ቁጭ ብለን እናወራለን። ተማሪዎች፣ ለመመረቂያችሁ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ፣ አንድ ልጣጭ ምረጡና ከተጨመቀ በ2 ሰዓት፣ በ12 ሰዓት፣ በ48 ሰዓት ፔክቲኑን አውጡና ይረጋ እንደሆነ ሞክሩት። እኔ በውርደት ያየሁትን እናንተ በቁጥር ታዩታላችሁ፣ ቁጥሩ ደግሞ ለፋብሪካው ባለቤት ከኔ ንግግር የበለጠ ይገባዋል።

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ብልቃጦች ማሳለፍ ረስቼ ነበር። አንደኛው ልጣጩ በመጣበት ቀን የተሰራ ነው፣ ሁለተኛው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፍሬው ከአንድ ከረጢት ነው። ተቀባበሏቸውና ዘንበል አድርጋችሁ እዩ፣ የቱ እንደሚፈስ ታያላችሁ። ክዳናቸውን ግን እንዳትከፍቱ። እስከዛው ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ከኋላ እንጀምር።